ከግንቡ ማዶ ያለው ዓሣ

በቀደም ከተማሪዎቼ አንዷ ከክፍሉ ቁምሳጥን ጥግ የተረሳ የሳኒታይዘር ጠርሙስ አግኝታ ከፈተችው። እኔ ሰሌዳው ላይ የመቀነስ ሂሳብ እየጻፍኩ ነበር። ሽታው ከኋላዬ መጥቶ እጄን ያዘኝ። የአሁኑ ሳኒታይዘር አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። ያኛው ግን የዚያ ዓመት ነበር፤ አረቄ አረቄ የሚል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲንጫጩ እኔን የሸተተኝ ሌላ ነገር ነው፤ የናይለን ክር፣ የጋለ ጠጠር፣ ያረጀ የቴኒስ ኳስ።

ነገር ከመሃል ጀምሬ ሰው ማደናገር አልወድም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ካዚኖዎቹ መብራታቸውን ያጠፉበት ዓመት ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 2020፣ የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ገደማ። እኔ አስር ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ናቲ ስድስት። በረሃ መሃል ባለች የካዚኖ ከተማ፣ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር ካለ አፓርትመንት ምድር ቤቱን ተከራይተን እንኖራለን። አባታችን የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር የምናየው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እማዬ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ሆቴሉ ሲዘጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሥራ አገኘች። በቀን አስር ሰዓት ሙሉ ቆማ ሳጥን ታሽጋለች።

ከእኛ በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ይማም ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ካዚኖ ውስጥ ምንጣፍ ይጠርጋሉ፣ የሲጋራ መተርኮሻ ያጸዳሉ። ሲዘጋ "እንጠራዎታለን" ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን በሸሚዝ ኪሳቸው ይዘው በረንዳቸው ላይ መቀመጥ ሆነ ሥራቸው።

አንድ ቀን እማዬ ደረጃው ስር ቆማ ወደ ላይ ተጣራች።

"ጋሽ ይማም፣ ላስቸግርዎት ነው። ልጆቹ ኮምፒውተሩን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ትምህርታቸውንም ይከታተላሉ። እርስዎ እኔ እስክመጣ በዓይንዎ ብቻ ይያዙልኝ።"

"ትምህርቱ ሲያልቅስ?"

"ሲያልቅማ ያው የሚያውቁትን ያስተምሩልኝ።"

ጋሼ ማስካቸው ላይ ጺማቸውን አሹ። "እኔ የማውቀው ዓሣ ማጥመድ ነው፤ እመቤት" አሉ። የእናቴ ስም እመቤት ነው።

እማዬ ሳቀች። ከኛ ቤት እስከ ባሕር አምስት ሰዓት መንዳት ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ጋሼ ያደጉት አሰብ ነው። አባታቸው ወደቡ ላይ ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የቲማቲም ቆርቆሮ ላይ የተጠቀለለ ክር ይዘው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። አሸዋው ላይ ቆሞ ክሩን መወርወር፣ ከዚያ ጣት ላይ ማዳመጥ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። "ጀልባ ለሀብታም ነው፤ ዘንግ ለሰነፍ ነው፤ ክር ለኛ ነው" ይሉን ነበር።

አሠራሩን ላስረዳ። ከአፓርትመንቱ ጀርባ የመኪና ማቆሚያ አለ። ከማቆሚያው ጫፍ ከጋሼ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ የብሎኬት ግንብ አለ። ከግንቡ ማዶ ማንም ያልሠራበት ጠጠር መሬት ነው፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ቀያይ ተራሮች። ጋሼ ለኔና ለናቲ አንድ አንድ የውሃ ጠርሙስ አመጡና ወፍራም የናይለን ክር ጠቀለሉበት። በመንጠቆ ፈንታ ከክሩ ጫፍ የቴኒስ ኳስ አሰሩ፤ ክብደት እንዲኖረው ኳሱን በቢላ ሰንጥቀው ውስጡ የብሎን ዳዶ ከተቱበት። የግንቡ ጠርዝ ክሩን እንዳይበላው የአትክልት ውሃ ጎማ ለሁለት ቀደው አለበሱት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ግንቡ ቀስረው "ይኸውላችሁ፣ ባሕሩ ይሄ ነው" አሉ።

ናቲ ግንቡን አየ። ከዚያ እኔን አየ። "It's a wall" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሰምቻለሁ ካፒቴን" አሉ ጋሼ። "ለማያውቅ ሰው ግንብ ነው።"

እኛ በዚህ በኩል ቆመን ኳሱን እያሽከረከርን ግንቡን አሻግረን እንወረውራለን። ጋሼ በጓሮው በር ዞረው ማዶ ይጠብቃሉ። ኳሱን ከጠጠሩ ላይ ያነሱና ዓሣ ይሆናሉ።

"ወረወራችሁ?" ይላል ድምፃቸው ከማዶ።

"ወረወርን!"

"ጭንቅላቴን ስታችኋል፤ ጎሽ!"

ዓሣ ብቻ አይደለም የሚሆኑት። አንዳንዴ የባሕር ሳር ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ክሩ ከብዶ፣ ዝም ብሎ፣ እኩል ይጎተታል። አንዳንዴ ሸርጣን ይሆናሉ፤ ሸርጣን አይጎትትም፣ ይቧጭራል፤ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ዓሣ ሲሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ያደርጉና ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ልብ የሚያስደነግጥ አንድ ረጅም ስበት ይመጣል። ዓይናችንን ጨፍነን የቱ እንደሆነ መናገር አለብን። ልምምዱ ሲያልቅ ጋሼ ጠርሙሶቹን በሳኒታይዘር ያጸዳሉ፤ የኛንም እጅ ያስታጥባሉ።

"ስልሳ ዓመት ሙሉ አረቄ በእጄ ነክቼ አላውቅም" ይላሉ መዳፋቸውን እያሸተቱ። "ዘንድሮ ይኸው በቀን አስር ጊዜ እታጠብበታለሁ። አላህ ያውቃል።"

ያን ዓመት ማንም ማንንም አይነካም ነበር። አስተማሪዬን በስክሪን ነው የማያት። እማዬ ከሥራ ስትመጣ ልብሷን በሩ ላይ አውልቃ ሻወር ገብታ እስክትወጣ አትስመንም። ስለ ክር ግን ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም። ከግንቡ ማዶ ያለ ሰው ጣት ሲነቃነቅ የኔ ጣት ላይ ይሰማኛል። ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ ብቻ ዙም ላይ ቁጭ ብዬ ሰዓት እቆጥር ነበር።

ጋሼ ሕጎች ነበሯቸው። ክር እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ትልቅ ዓሣ ከመጣ ጣት ይቆርጣል። ከመዳፍ ያነሰ ዓሣ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ግን ለባሕር ጀርባ አይሰጥም። "ባሕር የሚጠብቀው እስክትዞሩ ነው" አሉን። ስለዚህ ልምምዱ ሲያልቅ ከግንቡ የምንርቀው ወደ ኋላ እየሄድን ነው፤ እጃችንን እንደ ዕውር እየዘረጋን፣ የመኪና መከላከያ እየመታን። እማዬ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ እኛ ማስክ አድርገን፣ ሦስታችንም በሰልፍ፣ ወደ ኋላ ስንሄድ አገኘችን። ከመኪናዋ አልወረደችም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገች።

"ጋሽ ይማም፣ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን፤ ማዕበል ነው" አሉ ጋሼ።

ናቲ ነገሩን ከልቡ ስለያዘው ለመታጠቢያ ገንዳውም ጀርባ አልሰጥ አለ። እኔ ትልቅ ነኝ ብዬ ሳቅሁበት። የራሴን ግን ለማንም አልነገርኩም፤ እውነተኛው ባሕር ከቀያዮቹ ተራሮች ጀርባ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ወደዚያ እያዩ ዝም ሲሉ የሚያዳምጡት እሱን ነበር የመሰለኝ። ያን ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ከርሞ አንድ ቀን ሲያካፋ፣ የበረሃው ቁጥቋጦ ያንን መራራ ሽታውን ሲለቅ፣ "ባሕሩ መጣ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። "አይደለም" አሉ በትህትና፤ "ግን ዘመድ ነው።"

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጋሼ ቃል ገብተውልን ነበር።

"ሁለታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳሩን ከሸርጣኑ፣ ሸርጣኑን ከዓሣው የለያችሁ ቀን፣ ኢንሻ አላህ፣ እውነተኛው ባሕር እወስዳችኋለሁ።"

ሁለታችሁም። ይቺ ቃል ናት ያበሳጨችኝ። እኔ ጥቅምት ሳይገባ አለፍኩ። ናቲ ግን ለሁሉም ነገር "ዓሣ!" ይላል። ረጅሙ ስበት ሲመጣ ደግሞ ይደነግጥና ጣቶቹን ይከፍታል፤ ጠርሙሱ ከመሬት ይነሳና እየዘለለ ግንቡን ይመታል። ጋሼ ከማዶ "ዓሣው ጠርሙሱን ይዞ የመን ገባ!" ብለው ይጮኻሉ። ናቲ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ባሕሩን የከለከለኝ ናቲ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ዘዴ አገኘሁ። መታጠቢያ ቤት ዘግቼበት አስጠናሁት፤ አንድ ጊዜ ካሳልኩ ዓሣ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካሳልኩ ሸርጣን፤ ዝም ካልኩ ሳር። ክሩን እኔም ከኋላው በሁለት ጣት እነካለሁ። ጋሼ ከግንቡ ማዶ ናቸው፤ አያዩንም።

ኳሱ ተሻገረ። ጠቅ ጠቅ፣ ስበት። ሳልኩ።

"ዓሣ!" አለ ናቲ።

"ማሻ አላህ!" አለ ግንቡ።

ቀጥሎ ጉንዳኑ መጣ። ሁለት ጊዜ ሳልኩ።

"ሸርጣን!"

ክሩ ረገበ።

"ማነው የሚያስለው?" አሉ ጋሼ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ኖሯቸው አያውቅም።

ናቲ እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ።

"ማሂ፣ አንቺ ነሽ?"

ያን ጊዜ "የውሸት ነው" ማለት እችል ነበር። የውሸት ነው ካልኩ ግን ማጭበርበሬ ይወጣል፤ ባሕሩም ይቀራል። "አዎ" አልኩ።

ጋሼ በጓሮው በር ብቅ አሉ፤ አልቀረቡንም። አስር እርምጃ ያህል ርቀው፣ ኳሱን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። "ወደ ቤት። አሁኑኑ። እናትሽ ጋ እደውላለሁ" አሉ። እማዬ ሺፍቷን ጥላ መጣች። መኪና ውስጥ ተሰልፈን ውለን አፍንጫችንን ተመረመርን። ውጤቱ ምንም የለም የሚል መጣ፤ እማዬ ግን ለማንኛውም ብላ ሁለት ሳምንት ከቤት አላወጣችንም። ሌሊት ሌሊት እየተነሳች እጇን ግንባሬ ላይ ታደርግ ነበር። የተኛሁ እመስላለሁ።

ጥር ላይ ጋሼ ታመሙ።

አሁን ሳስበው ከየት እንደያዛቸው ግልጽ ነው፤ ካዚኖው በሳምንት ሦስት ቀን ጠርቷቸው መሥራት ጀምረው ነበር። ያኔ ግን እኔ ሳልኩ፤ ከዚያ ጋሼ ታመሙ። ስሌቱ ይሄው ነው። ልጅ መደመር ይችላል፤ ምን ከምን ጋር እንደሚደመር ነው የማያውቀው። ለተማሪዎቼ ሂሳብ ሳስተምር ይሄ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። እማዬ ሾርባ ሠርታ ደረጃው ላይ ታስቀምጣለች፤ ወርዳ ስትደውልላቸው ይከፍታሉ። በሁለተኛው ቀን፣ ትምህርታችን እንዳለቀ፣ የኛ በር ፊት አንድ ነገር ጧ ብሎ ወደቀ። የቴኒስ ኳሱ ነው። ክሩ ወደ ላይ፣ ወደ ጋሼ በረንዳ ይሄዳል።

ናቲ ያዘው። ጠቅ ጠቅ፣ ስበት።

"ዓሣ!" ብሎ ወደ ላይ ጮኸ።

ከላይ መልስ አልመጣም፤ መናገር ያደክማቸው ነበር። ነገር ግን ክሩ እንደገና ጠቅ ጠቅ አለ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እኔ ክሩን ትንሽ ይዤ ለናቲ እመልስለታለሁ። በአራተኛው ቀን ስበቱ አጠረ። በአምስተኛው ቀን ጠቅ የሚል ነገር የለም፤ ከብዶ ዝም ያለ ብቻ። "ሳር" አለ ናቲ። በስድስተኛው ቀን አምቡላንስ መጣ። እማዬ መጋረጃውን ዘጋችብን፤ እኛ ግን በስሩ አየን፤ ነጭ ጫማ ያደረጉ እግሮችና መንኮራኩሮች።

ኳሱን ወደ በረንዳው የሚስበው ሰው አልነበረም። እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ትምህርት ሲያልቅ እየወጣሁ ክሩን እይዝ ነበር። አንዳንዴ ይነቃነቃል፤ ወደ ላይ አያለሁ፤ ነፋስ ነው። ሳርም፣ ሸርጣንም፣ ዓሣም አይመስልም፤ የሚፈልገው ነገር የሌለው ሰው የሚጎትት ይመስላል። ነፋስ እንዴት እንደሚጎትት ጋሼ አላስተማሩኝም ነበር፤ ብቻዬን ተማርኩት። አንድ ቀን ክሩን እንደያዝኩ ዓይኔን ጨፍኜ ከእግዚአብሔር ጋር ተስማማሁ። ጋሼ ይመለሱ እንጂ ሁሉንም እናገራለሁ። ባሕሩ ይቅር።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ግማሽ ሆነው ነበር። አፍንጫቸው ስር የገባ ቀጭን፣ ግልጽ ቱቦ ነበራቸው፤ በጆሯቸው ላይ ዞሮ፣ በወለሉ ላይ ተስቦ፣ ክፍል ውስጥ ከሚያጉረመርም የኦክሲጅን ማሽን ጋር ይገናኛል። ከሳምንት በኋላ በረንዳው ላይ ወጥተው ሲቀመጡ ቱቦው ከኋላቸው በበሩ ተከተላቸው። ናቲ ከታች ሆኖ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ማሂ" አለኝ፤ "ጋሼን ማነው ያጠመደው?"

ጋሼ ሰምተውት ኖሮ ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቀለ። እስኪረጋጉ ቆየን።

"አላህ ነው ካፒቴን" አሉ። "አወጣኝና አየኝ። ከመዳፉ አንሼ ሲያገኘኝ መለሰኝ።"

ናቲ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ እንደዚያ ነው።

እኔ ግን ደረጃው ስር ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ አንዱን ሳል፣ ሁለቱን ሳል፣ "አዎ" ማለቴን። "እኔ ነኝ ያሳመምኩዎት፣ ጋሼ" አልኩ። እማዬ በራችን ላይ ቆማ ትሰማለች፤ አፏን በእጇ ይዛ።

ጋሼ በረንዳው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ነይ ቀና በይ። የውሸት ሳል የሚያሲዘው የውሸት በሽታ ነው። እኔን የያዘኝ እውነተኛው ነው፤ ከካዚኖ ነው የመጣው፣ አንቺን አያውቅሽም። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"እናትሽ ላይ ግን የውሸቱ በሽታ ሁለት ሳምንት ተኝቶባታል። እሷን ይቅርታ ጠይቂ።"

ጠየቅሁ። እማዬ ጆሮዬን ይዛ ሳመችኝ፤ የሳመችኝ ጠንከር ብላ ነው፣ ጆሮዬንም የያዘችው ጠንከር አድርጋ ነው።

"ሌላም አለ" አሉ ጋሼ ከላይ። "የናቲ ፈተና ተሰርዟል።"

በድጋሚ የተፈተነው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከግንቡ ሳይሆን ከበረንዳው። እኔ አስር እርምጃ ርቄ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንድቆም ተፈረደብኝ። ናቲ ዓይኑን ጨፈነ፤ ምላሱን በጥርሱ መሃል ይዟል።

"ሳር" አለ። ልክ ነው።

"ሸርጣን።" ልክ ነው።

"ዓሣ!" ልክ ነው፤ ጣቶቹን ግን አሁንም ከፈታቸው፤ ክሩን ሮጦ ያዘው።

ከዚያ ጋሼ አራተኛ ነገር ጎተቱ። ፈተናው ላይ አልነበረም። ምናልባት እጃቸውን ማሳረፋቸው ነው፤ ምናልባት መተንፈሳቸው ብቻ ነው። ናቲ ረጅም ጊዜ አሰበ።

"ይሄ ዓሣ አይደለም" አለ። "ይሄ ጋሼ ነው።"

ከላይ ማሽኑ ያጉረመርማል። ጋሼ "አልፈሃል" አሉ። "አለመልቀቁን ባሕሩ ራሱ ያስተምርሃል።"

ሰኔ ላይ ሄድን። ቱቦውን ሐኪሙ አንስቶላቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ግን መሃል ላይ ቆመው አበባ የሚያዩ ይመስላሉ። እማዬ ነዳች። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው የካሊፎርኒያ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዳቸውን በየሰዓቱ ከኪሳቸው እያወጡ ቼክ ያደርጋሉ። ቀያዮቹን ተራሮች አለፍናቸው፤ ከጀርባቸው በረሃ ነው። ከሱ ጀርባ ሌላ በረሃ አለ። ባሕሩን የት እንዳደረግሁት ለማንም አልነገርኩም።

ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። አውራ ጎዳና መሰለኝ። አሸዋው ላይ ስንወጣ ናቲ ቆመና ግራ ቀኝ አየ።

"ግንቡ የታለ?" አለ።

ማንም አልሳቀበትም። እኔም እሱን ነበር የምፈልገው። ያለ ግንብ በጣም ብዙ ነበር።

ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን እስኪነካ ገቡ፤ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጨለፉና ቀመሱ። "ጨው ቀንሰዋል" አሉ። ፊታቸውን አላዞሩልንም። ለባሕር ጀርባ አይሰጥም።

መወርወር አልቻሉም፤ ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ አይነሳም። ስለዚህ እሳቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ከኋላዬ ተቀምጠው ጠርሙሱን በጉልበታቸው መሃል ያዙ፤ ክሩ ከሳቸው ወጥቶ በኔ ጣቶች መሃል አልፎ ባሕር ይገባል። ጫፉ ላይ አሁን ኳስ የለም፤ መንጠቆና ለዓሣው ማታለያ የተሰካ ሽሪምፕ ነው። ናቲ አጠገቤ ቆመ። እማዬ ጫማ ትጠብቃለች።

አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። አንዴ ከብዶ ዝም ያለ ነገር መጣና ሁለታችንም "ሳር!" ብለን ዘለልን። ጎትተን ስናወጣው እውነትም ሳር ነው፤ አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ፣ ቁንጫ የሚመስሉ ነገሮች የሚዘሉበት። ጋሼ ዓሣ የያዝን ያህል አጨበጨቡልን።

ከዚያ ጠቅ ጠቅ አለ።

ትንሽ ቆየ፤ ልክ በሚገባው መጠን። ከዚያ ያ ረጅም ስበት መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ የማውቀው፣ ከግንቡ ማዶ የሚመጣው፣ ከበረንዳው የሚወርደው ነበር። አንዲትም ነገር አልተለወጠችም። በሕይወቴ የማውቀው ዓሣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ያደረግሁት ነገር፣ አሁንም ሳስበው፣ ከዚያ ውጭ ላደርገው የምችለው አልነበረም። ዞርኩ።

"ጋሼ! አይቀልዱ!"

ጋሼ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ሰቅለው ነበር። ከትከሻ በላይ የማይነሳው ክንድ ተነስቷል። መዳፎቻቸው ተከፍተዋል፤ ባዶ ናቸው።

"እኔ አይደለሁም! ወላሂ እኔ አይደለሁም! ዙሪ! ዙሪ!"

ባሕሩ የሚጠብቀው እስክዞር ነበር። ጉልበቴን ከኋላ መታው፤ ሰማዩ ተገለበጠ፤ በአፍንጫዬ የገባው ጨው እስከ አንጎሌ ደረሰ። ክሩ ከጣቶቼ አመለጠ። ዓሣው በኋላ ሲወጣ ከጋሼ መዳፍ ያነሰ ነበር፤ ጎኑ ላይ የወርቅ መስመሮች አሉት፤ ጋሼ እጃቸውን በውሃ አርሰው ያዙትና እኛ በአንድ አንድ ጣት ነክተነው መለስነው። ያ ግን በኋላ ነው። በአራት እግሬ ሆኜ፣ አሸዋ እየተፋሁ ቀና ስል፣ መጀመሪያ ያየሁት እማዬን ነው፤ በሁለት እጇ ጫማዎቻችንን እንደያዘች ወደ ባሕሩ ትሮጣለች። ቀጥሎ ጋሼን አየሁ፤ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል፤ እጃቸው አሁንም ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ናቲ ውሃው ወገቡ ደርሶ ነበር። ክሩን በሁለት ጡጫው ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል። የሚመለሰው ማዕበል ክሩን ይዞ ወደ ፊት ይስበዋል፣ እሱ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ይቀብራል፤ እንደገና ይስበዋል፣ እንደገና ይቀብራል።

"ማሂ!" እያለ ይጮኻል። "ማሂ! ይሄ ጋሼ አይደለም!"

ጣቶቹን አየሁ። አልተከፈቱም።